ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፦ የክብረ ነገሥት የመዝጊያ ማስታወሻ በኬጢያውያን መዛግብት አንጻር

ከላሊበላ ከተማ ብዙም በማይርቀው ገነተ ማርያም የሚገኘውን፣ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸው ዐፄ ይኩኖ አምላክ (1270–1285 እ.ኤ.አ.) ነው። ሥዕሉም በግድግዳው ላይ ይታያል። ንጉሡ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት አስወግዶ የነገሠ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ግን በዛጉዌ አገር፣ በዛጉዌ የሕንጻ ጥበብ ነው። እርሱ ካረፈ ከሠላሳ ዓመታት በኋላ፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው ክብረ ነገሥት ስለ ዛጉዌ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ትኩረት በመጽሐፉ ፍጻሜ ላይ ተርጓሚው ያኖረው ማስታወሻ ሲሆን፣ ማስታወሻው ምን ያህል እንደሚታመን ለመመዘን ከጥንታዊት አናቶሊያ የተገኘ አንድ ድርሰት ለንጽጽር ቀርቧል።

ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዛሬይቱ ቱርክ በሐቱሳ የተካሄደው ቁፋሮ የኬጢያውያንን ነገሥታት ቤተ መዛግብት አወጣ፤ ቋንቋቸውንም ቤድርዢኽ ህሮዝኒ በ1915 ፈታው። ከሸክላ ሰሌዳዎቹ መካከል የኩማርቢ መዝሙር ተብሎ የሚታወቀው ድርሰት ይገኛል። በዚህ ድርሰት መሠረት በሰማይ መጀመሪያ አላሉ ነገሠ፤ አኑ ከዙፋኑ አወረደው፤ ኩማርቢም በተራው አኑን አሳድዶ አባለ ዘሩን ነክሶ ዋጠ። ከዚህም የተነሣ በሆዱ የማዕበል አምላክ ተፀነሰ፤ ኋላም ኩማርቢን ተካው። በ700 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የኖረው ግሪካዊው ሄሲዮድ፣ ከሆሜር ኢልያድ ጋር አንድ በሆነ የግጥም ምጣኔ ባዘጋጀው ቴዎጎኒያ ይህንኑ ሥርዓት እናገኛለን፦ ክሮኖስ አባቱን ኡራኖስን በማጭድ ሰለበው፤ ልጆቹን ዋጠ፤ በመጨረሻም በዜውስ ተሸነፈ። የሰማይ አምላክ መሰለብ፣ ከአሸናፊው ሆድ ውስጥ የሚወጡ አማልክትና የማዕበል ጌታ መንገሥ በአንድነትና በተመሳሳይ ቅደም ተከተል መገኘታቸው በአጋጣሚ ሊባል አይችልም።

የኬጢያውያኑም ቅጂ ራሱ መነሻ አይደለም። ኩማርቢ የሁሪያውያን አምላክ ሲሆን፣ አኑ ደግሞ ከመስጴጦምያ የመጣ ነው። በሰሌዳው ፍጻሜ ላይ አሽሐፓ የተባለ ጸሐፊ ስሙን ከነትውልዱ ያሰፈረ ሲሆን፣ የገለበጠበት ሰሌዳ ያረጀ እንደ ነበረም ይናገራል። በግሪኩ ወገን ግን ይህን የመሰለ ማስታወሻ የለም። ሄሲዮድ መዝሙሩን ያስተማሩት ሙዛት የተባሉት የጥበብ አማልክት እንደ ሆኑ ይናገራል እንጂ የሰው መምህርም ሆነ የባዕድ መጽሐፍ አይጠቅስም። ስለዚህ በሐቱሳና በሄሲዮድ መካከል ያለው የአምስት መቶ ዓመታት መንገድ የሚታወቀው ከታሪኩ ቅርጽ ብቻ ነው።

በክብረ ነገሥት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ መንገዱ በግልጽ ተነግሮናል። ተርጓሚው ይስሐቅ፣ መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በ409 ዓመተ ምሕረት፣ ላሊበላ በተባለው በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን እንደ ሆነ ጽፏል። (ይህ ቍጥር የዛሬው ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ በ532 ዓመት ዐውደ ቀመር የሚቈጠር ስለ ሆነ 1225 እ.ኤ.አ. ላይ ይውላል።) ቀጥሎም አቡልዒዝና አቡልፈረጅ ያን ጊዜ ወደ ግእዝ ያልመለሱት ስለምን እንደ ሆነ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፦ መጽሐፉ እስራኤላዊ ሳይሆን የሚነግሥ ሁሉ ሕግ ተላላፊ ነው ስለሚል፣ በዛጉዌ ዘመን ሊተረጐም አልቻለም።

መንገዱ ስለ ተነገረ ብቻ ግን ተረጋግጧል ማለት አይደለም። የግእዙ አነጋገር የዐረብኛን ፈለግ እንደሚያሳይ ሊቃውንት አመልክተዋል፤ በዚህ ረገድ ማስታወሻው ድጋፍ አለው። ምንጭ የተባለው የቅብጥ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በማርቆስ መንበር የተጠበቀ መጽሐፍ መባሉ ለድርሰቱ ክብር የሚጨምር በመሆኑም ይህ ክፍል ጥንቃቄ ይሻል። አሽሐፓ ስለ አረጀው ሰሌዳ በመናገሩ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ይስሐቅ ግን ስለ ዛጉዌ ሲናገር አዲሱን ሥርወ መንግሥት ይጠቅማል። በእኔ አስተያየት የሁለቱን ምስክርነት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም።

እዚህ ላይ ገነተ ማርያም የሚጠቅመን ከመጽሐፉ ቀድሞ የተሠራ ማስረጃ በመሆኑ ነው። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች የቀደሙትን ነገሥታት የሕንጻ ሥርዓት ሲወርስ አላፈረም፤ ላሊበላም በቤተ ክርስቲያን ዘንድ እስከ ዛሬ እንደ ቅዱስ ይከበራል። እንግዲህ በዛጉዌ ላይ የተነገረው ብርቱ ቃል የይኩኖ አምላክ ዘመን ድምፅ ነው ከማለት ይልቅ፣ በትርጕሙ ዘመን የተሳለ ነው ማለት ይቀላል። የክብረ ነገሥት የዐረብኛ ምንጭ አንድ ቀን ቢገኝ፣ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ያ እስራኤላዊ ስላልሆኑ ነገሥታት የሚናገረው ቃል በውስጡ መኖር አለመኖሩ ነው።