የመቂ ልጅ በውሃ ዳኞች ፊት

የነሐሴ ዝናብ እየሳሳ ሲሄድ፣ በአዳማ ከተማ የመስኖ ምሕንድስና ለሚያስተምር እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ዋናው ሥራ ማስተማር መሆኑ ይቀርና፣ ወደ ባሕር ማዶ ለሚሄዱ ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ፣ የትምህርት ማስረጃቸው ተተርጉሞና በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ታትሞበት እስኪያልቅ ድረስ አብሮ መጨነቅ፣ ከኤምባሲ ቪዛ ያገኘውን እንኳን ደስ ያለህ ማለት፣ ያላገኘውንም ማጽናናት ይሆናል። ወላጆችም በዚሁ ሰሞን ከመቂ፣ ከሞጆ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነገሌ እየመጡ «ልጃችን እዚያ ምን ይገጥመዋል?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፤ የተማሪ ልኩ የሚታወቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የፈተናው ውጤት ከዚያ በኋላ የሚከተል ዝርዝር ነው።

ባለፈው ዓመት ካሰናበትናቸው መካከል አንዷ የመቂ ልጅ ነበረች። አባቷ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ እርሷም የውሃ ሞተር ድምፅ እየሰማች፣ የቲማቲም ሣጥን በአይሱዙ ሲጫን እያየች ያደገች፣ በትምህርቷ ትጉህ፣ በስሌት ፈጣን፣ በንግግሯ ቁጥብ ልጅ ነች። የሄደችው በስፔን ምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ቫሌንሲያ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ተመሠረተው ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ስለ መስኖ መማር ለሚሻ ሰው ከዚያች ከተማ የሚበልጥ ስፍራ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቫሌንሲያን የረገጠች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እርሷ እንዳልሆነች ከመሄዷ በፊት ነግሬአት ነበር። የአፄ ይስሐቅ መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1427 በዚያችው ከተማ ከአራጎን ንጉሥ ከአልፎንሶ አምስተኛ ፊት ቀርበው፣ በሁለቱ ቤተ መንግሥታት መካከል ጋብቻና ኅብረት እንዲሆን ተነጋግረው እንደ ነበር፣ ንጉሡም 13 የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች ወደ አገራችን ሰድዶ ሁሉም በመንገድ ጠፍተው እንደ ቀሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። የያኔዎቹን መንገደኞች የፈተናቸው ባሕርና በረሃ ነበር፤ የዛሬዋን ተማሪ የሚፈትናት ግን ቀጠሮ ነው።

ስለ ቀጠሮ የምናገረው በከንቱ አይደለም። ወደ ስፔን በረጅም የትምህርት ቪዛ የገባ የውጭ አገር ተማሪ፣ በገባ በአንድ ወር ውስጥ የጣት አሻራ ሰጥቶ የነዋሪነት ካርድ ለማውጣት ማመልከት አለበት፤ ከዚህም ሌላ በከተማው የነዋሪዎች መዝገብ ላይ ስሙን ማስፈር አለበት፤ በመዝገብ ለመስፈር ደግሞ የቤት ኪራይ ውል ያስፈልገዋል፤ ቤት የሚያከራየውም ሰው የባንክ ሒሳብ አምጣ ይለዋል፤ ባንኩ በበኩሉ የካርዱን ቁጥር ይጠይቃል። ይህ ዙሪያ ጥምጥም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይበላቸዋል። በዚህ ላይ የስም ጣጣ አለ፤ ስፔናዊ ሁሉ ከአባቱም ከእናቱም ቤት የወረደ ሁለት የቤተሰብ ስም ስላለው፣ ቅጹ ሁለተኛውን ካላገኘ አይጠግብም፤ የእኛይቱ ልጅ የአባቷንና የአያቷን ስም ጽፋ ስታቀርብ፣ ጸሐፊዋ ሴትዮ «እናትሽስ?» ብላ ጠየቀቻት፤ እርሷም የእናቷ ስም የእናቷ ብቻ እንደ ሆነ፣ ማንም እንደማይወርሰው ለማስረዳት የነበራት ስፔንኛ አልበቃትም። በመጨረሻ የአያቷ ስም ሁለተኛ የቤተሰብ ስም ሆኖ ሰፈረ። ልብ በሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ማስረጃ ሁሉ በዚያው አጻጻፍ ካልሄደ፣ ከዓመት በኋላ ዲግሪው የማን እንደ ሆነ መከራከር ይመጣል። ስለዚህ ለምሸኛቸው ሁሉ በፓስፖርቱ ላይ ያለው የፊደል አጻጻፍ በየትኛውም ወረቀት ላይ አንዲት ሆሄ እንዳትለወጥ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ።

የምግቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት፣ እራትም ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አብዛኛውን ጊዜ አይቀርብም፤ የአሳማ ሥጋ ደግሞ በማይጠረጠርበት ወጥ ውስጥ ሳይቀር ተከትፎ ይገኛል። ክርስቲያኑም እስላሙም ልጃችን እኩል የሚደናገጥበት ነገር ይህ ነው፤ ረቡዕንና ዓርብን የምትጾመው የመቂ ልጅ ግን በዘይት የተሠራ ባቄላ፣ ምስርና አትክልት በየገበያው በዝቶ ስላገኘች፣ የጾሙ ቀን ከፍስኩ ቀን ይልቅ እንደ ቀለላት ነገረችኝ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው የጥርሷ ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነጠብጣብ እንደሚኖረው በወንጂም፣ በመቂም፣ በዝዋይም የተለመደ በመሆኑ ከእኛ መካከል የሚጠይቅ የለም። አብራት በአንድ ቤት የተከራየች የኮሎምቢያ ልጅ ግን በሁለተኛው ቀን «ትንባሆ ታጨሻለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። በዚህ ጊዜ ዐፍራ አፏን ትሸፍናለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሷ ግን ወረቀት አውጥታ የሸለቆውን መልክዐ ምድር ስላ፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ድንጋይ ለከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም መሆኑን፣ የብዙ ጉድጓዶቻችን ውሃ ግን ከዚህ እጅግ እንደሚያልፍ አስረዳቻት። በባዕድ አገር የሰጠችው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር፤ መምህሯ በመሆኔ ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በቫሌንሲያ ካቴድራል የሐዋርያት በር ፊት ለፊት፣ በየሳምንቱ ዕለተ ሐሙስ፣ ልክ በቀትር፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ላይ፣ የውሃ ችሎት ይሰየማል። ዳኞቹ በሕግ ትምህርት የተመረቁ ሊቃውንት አይደሉም፤ ከቱሪያ ወንዝ ከተጠለፉት ከእነ ኳርት፣ ሚስላታ፣ ፋቫራና ራስካኛ ቦዮች ውሃ የሚያጠጡ ገበሬዎች ከመካከላቸው የመረጧቸው፣ እጃቸው በአፈር የሻከረ አራሾች ናቸው። ጥቁር ካባ ደርበው፣ በብረት አጥር በተከለለ ክብ ቦታ ውስጥ በየወንበራቸው ይቀመጣሉ፤ የችሎቱም አጋፋሪ የየቦዩን ስም እየጠራ ክስ ያለበት ሰው እንዲቀርብ ያውጃል። ከሳሽም ተከሳሽም ያለ ጠበቃ በአፋቸው ይናገራሉ፤ ቃል በቃል የሚጻፍ ክርክር የለም፤ ቋንቋውም የመንግሥቱ ስፔንኛ ሳይሆን የገበሬው ቫሌንሲያንኛ ነው፤ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦይ ተወካይ በፍርዱ አይሳተፍም፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል፤ ይግባኝ የለውም። በብዙ ሐሙሶች ከሳሽ ሳይገኝ ቀርቶ ችሎቱ በጥቂት ደቂቃ ይበተናል፤ ከተመልካቾቹም መካከል «ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው?» ብለው የሚያጉረመርሙ አይጠፉም። ነገር ግን አንድ ችሎት ከሳሽ ካጣ፣ መከበሩን ከዚህ የበለጠ ምን ይመሰክርለታል?

የዚህን ሥርዐት መነሻ አንዳንዶች እስላሞች ያን ምድር ይገዙበት ከነበረው ዘመን ያደርሱታል። ንጉሥ ሃይሜ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1238 ከተማይቱን በያዘ ጊዜ የውሃውን ልማድ እንዳገኘው አጽንቶታል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 ከሙርሲያው የደጋግ ሰዎች ሸንጎ ጋር በሰው ልጆች ቅርስነት መዝግቦታል። ለባለሙያ ዐይን ግን ከዕድሜው ይልቅ የሚያስደንቀው ውስጠ ሥርዐቱ ነው። በቫሌንሲያ እርሻ ውሃ ከመሬቱ አይነጠልም፤ መሬቱን የያዘ ውሃውን ይዟል፤ ተራውንም ለሌላ መሸጥ አይችልም። ከዚያ እምብዛም በማይርቁት በኤልቼና በአሊካንቴ በኩል ደግሞ ውሃ ከመሬት ተለይቶ በሐራጅ ሲሸጥ የኖረበት ሥርዐት ነበር። በአንድ አየርና በአንድ የዝናብ እጥረት የሚኖሩ ጎረቤታሞች ስለ አንድ ፍጥረት ሁለት ተቃራኒ ሕግ አበጅተው ሁለቱም ለብዙ ዘመን መኖራቸው፣ ውሃ የምሕንድስና ነገር ብቻ ነው ለሚል ሰው በቂ ተግሣጽ ነው።

ልጅቱ በደረሰች በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መምህራቸው አዲሶቹን ተማሪዎች ሰብስበው ወደዚያ በር ወሰዷቸው። በማግሥቱም ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን በየተራ «በአገራችሁ ሁለት ገበሬዎች በውሃ ተራ ቢጣሉ የሚዳኛቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የፔሩው ተማሪ የተራሮቹን ማኅበር ነገራቸው፤ የሞሮኮው ስለ አትላስ ቦዮች አወራ። የእኛይቱ ልጅ የአንድ ሄክታር ቲማቲም በቀን የሚፈልገውን ውሃ በቃሏ ታሰላለች፤ የቦይ ቁልቁለትና የፓምፕ ጉልበት አያስቸግራትም፤ የአባቷን ማሳ ውሃ ተራ ማን እንደሚያከብር ግን አታውቅም ነበርና ለሰኞ ልናገር ብላ ጊዜ ለመነች።

ያን ዕለት ማታ አባቷ ዘንድ ደወለች። እርሳቸውም በኦሮምኛ ብዙ አጫወቷት፤ ተራውን የሚያዝ ኮሚቴ እንዳለ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሰውን ተራ የሚሰርቅ እንደሚቀጣ፣ ጠቡ ሲከር ጃርሳ ቢያ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌዎች፣ በዛፍ ጥላ ተቀምጠው እንደሚያስታርቁ፣ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሞተር ማስነሣት የሚችለውና የማይችለው እኩል ተራ ይዘው እኩል ውሃ አለማግኘታቸው እንደ ሆነ ነገሯት። በመጨረሻም «ይህን ለማወቅ እስፔን ድረስ መሄድ ነበረብሽ እንዴ ልጄ?» ብለው ሳቁባት። እርሷም ይህን በቴሌግራም በድምፅ ስትልክልኝ «ጋሼ፣ አባቴ እኮ ዕድሜ ልኩን የመስኖ ፕሮፌሰር ኖሯል» አለችኝ።

እኔ ይህን አለማወቅ የአንዲት ልጅ ጉድለት አድርጌ አልቈጥረውም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተመረቀው በቆቃ ግድብ ታግዶ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ ወደ አፋር ወርዶ በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ፣ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ ከላይ የተቀዳ ሁሉ ከታች ይጎድላል። የዝዋይም ውሃ በቡልቡላ በኩል አብያታን የሚመግብ በመሆኑ፣ በላይ በኩል ፓምፑ ሲበዛ በታች በኩል ሐይቁ ሲሸሽ በዐይናችን አይተናል። እንዲህ ባለ ሸለቆ ውስጥ ከስሌቱ እኩል ፍትሑ መማሪያ ሊሆን በተገባው ነበር። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ማኅበር ሲቋቋም አባላቱ የውሃ ክፍፍሉንና ክርክሩን በራሳቸው እንዲመሩ መንገድ ከፍቷል። በቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ደግሞ አባ ሄሬጋ የከብቱን የመጠጥ ተራ በጥብቅ ሥርዐት ሲያዝዝ የኖረው ከማናቸውም አዋጅ በፊት ነው። በካቴድራሉ በር ያሉት ጥቁር ካባ የለበሱ ገበሬዎች ይህን ቢሰሙ፣ ወንድሞቻችን ናቸው ከማለት በቀር ሌላ አይሉም ብዬ አምናለሁ።

ልጅቱ ሰኞ ዕለት የመቂን ነገር ለክፍሉ ተናግራለች፤ የመመረቂያ ጥናቷም በዝዋይ ዳር የፓምፕ ውሃ ክፍፍል ላይ እንዲሆን ከመምህሯ ጋር ተስማምታለች። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ባሻገር እስከ አልቦራያ ድረስ ዛሬም በቦይ የሚጠጡ እርሻዎች ስላሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች የቦይ ጠባቂዎቹን ትጠይቃለች፤ ሽማግሌዎቹም ስፔንኛዋ እየተሰባበረ ቢያስቸግራቸውም መከፈቻውን አንሥተው ማሳየቱ አይሰለቻቸውም አሉ።

ስለዚህ በመጪው መስከረም የምትሄዱ ልጆች፣ የጉዞ ሻንጣችሁን ከማሰራችሁ በፊት ወደ ወንጂ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ ውረዱ። በቦዩ ዳር የቆመውን ሽማግሌ በኦሮምኛም በአማርኛም ተራው እንዴት እንደሚያዝ፣ ሌባው እንዴት እንደሚቀጣ፣ ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የማን ማሳ እንደሚጠጣ ጠይቃችሁ በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉት። ወላጆችም ልጆቻችሁን ከመሸኘታችሁ በፊት አንድ ሌሊት የውሃ ተራ እንዲያድሩ አድርጓቸው።