መኪናዋ ፈጠነች ወይስ የፈጠነች መሰለን?

አንድ ጓደኛዬ ባለ 1.4 ሊትር ቱርቦ የቤንዚን መኪና አለው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ደውሎ «ና እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለኝ። ያሳየኝ ከውጭ ያስመጣውን የአየር ፊልትሮና አብሮት የመጣውን ወፍራም ቱቦ ነበር። ካርቶኑ ላይ «እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ተጽፏል። ስንት እንደገዛው አልነግራችሁም፤ እናቱ ይህን ጽሑፍ ሊያነቡት ይችላሉ።

ጓደኛዬ ግን የዋህ አይደለም። ከመግጠሙ በፊት መለካት እንዳለበት ያውቃል። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወጣ ብለን፣ ፍጥነቱ በሚፈቀድበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጅባትን ጊዜ ለካን። እሱ ነዳ፣ እኔ መዘገብኩ፣ ታናሽ ወንድሙ ከኋላ ሆኖ አስተያየት ሰጠ። አማካዩ 6.6 ሰከንድ መጣ። ማታ አዲሱ ፊልትሮ ተገጠመ። በነጋታው እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለሁለት ሆነን እዚያው መንገድ ላይ ተመለስን፤ ወንድሙ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ውጤቱ 6.1 ሰከንድ!

ግማሽ ሰከንድ ለመኪና ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛዬ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። እኔ ደግሞ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ያበላሸኝ ሰው ነኝና «አሮጌውን መልሰህ ግጠመውና አሁኑኑ እንለካ» አልኩት። አኮረፈ፤ ግን ገጠመው።

6.1 ሰከንድ።

ታዲያ ግማሽ ሰከንዷን ማን ሰጠን? እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ የሚያልፍ ነገር የለውም። መኪናዋ ሁለታችንን ጨምሮ 1,500 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ከ60 ወደ 100 ስትፈጥን የምታገኘው የእንቅስቃሴ ኃይል (ግማሽ ሲባዛ በክብደት፣ ሲባዛ በፍጥነቶቹ ካሬ ልዩነት) ወደ 370 ኪሎጁል ይመጣል። ይህን ለ6.1 ሰከንድ ስታካፍሉት 61 ኪሎዋት ገደማ፣ ማለትም ወደ 82 የፈረስ ጉልበት ታገኛላችሁ። ይህ ንፋሱና የጎማው ግጭት የራሳቸውን ድርሻ ከወሰዱ በኋላ መኪናዋን ለማፍጠን የተረፈው ጉልበት ነው።

አሁን ታናሽ ወንድሙን አስገቡት። 70 ኪሎ ቢሆን ክብደቱን ወደ 5 በመቶ ይጨምረዋል። ሞተሩ ምንም ሳይሆን ሰዓቱ በ5 በመቶ ይረዝማል፤ ከስድስት ሰከንድ ላይ 0.3 ሰከንድ ማለት ነው። ካገኘነው ግማሽ ሰከንድ ከግማሽ በላይ የሆነው ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ቀሪው ከአየሩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሙቀቱ 25 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ እሑድ ጠዋት 12። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው። በ12 ዲግሪ አንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በ25 ዲግሪ ካለው ከ4 በመቶ በላይ ይበልጣል። ኦክስጅን ሲበዛ የሚቃጠለው ቤንዚን ይበዛል።

መንገዱም ቢሆን ዝም ብሎ አይተኛም። አንድ በመቶ ተዳፋት፣ ማለትም በ100 ሜትር አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል መንገድ፣ በዓይን ሲታይ ሜዳ ነው የሚመስለው። ለዚያች መኪና ግን በዚህ ፍጥነት ከ4 የፈረስ ጉልበት በላይ ይበላል። ቁልቁል ከሄዳችሁ ደግሞ ያንኑ ያህል በነጻ ይሰጣችኋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩና አማካዩን ውሰዱ።

እስካሁን ያለው ለማንኛውም መኪና ይሠራል። ቱርቦ ሲኖር ግን፣ በተለይ አዲስ አበባ ላይ፣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 101 ነው። ማለትም እኛ የምንተነፍሰው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ሰው ከሚተነፍሰው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም እንደዚያው፦ ሩብ ያህል ጉልበቱን ደጋው ይቀማዋል።

ቱርቦ የሚባለው ነገር ከጭሱ ጋር ዝም ብሎ የሚወጣውን ኃይል ይጠቀማል። ጭሱ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ በዘንግ የተያያዘውን ሌላ ጎማ ያሽከረክራል፤ ያ ደግሞ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ይህ ፈጠራ ከከፍታ ጋር የቆየ ጠብ አለው። በ1918 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ኢንጂነር ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሽን በጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ያንሳል። እዚያ ላይ ሞተሩ ያለ ቱርቦ ሲሠራ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን አጣ። ቱርቦው ሲገጠምለት ግን ቆላ ላይ የነበረውን ጉልበት መልሶ አገኘ። አስተውሉ፦ ሞስ ያነጻጸረው ያንኑ ሞተር፣ እዚያው ተራራ ላይ፣ በቱርቦና ያለ ቱርቦ ነው። ጓደኛዬ ቅዳሜን ከእሑድ ጋር ነበር ያነጻጸረው።

የዛሬ ቱርቦ መኪኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩ «ሞተሩ ውስጥ የሚገባው አየር 150 ኪሎፓስካል ይሁን» ብሎ ያዛል እንበል። ባሕር ዳርቻ ላይ ቱርቦው አየሩን አንድ ተኩል እጥፍ ቢጨምቀው ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከ76 ተነስቶ 150 ለመድረስ ሁለት እጥፍ ገደማ መጨመቅ አለበት። የጎማ ፓምፕ ስትጠቀሙ ጫፉ እንደሚግል ታውቃላችሁ አይደል? አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የውጪው አየር 25 ዲግሪ ቢሆንና መጭመቂያው 70 በመቶ ውጤታማነት ቢኖረው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከቱርቦው የሚወጣው አየር ወደ 75 ዲግሪ ይሞቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ115 ዲግሪ ያልፋል። ያው መኪና፣ ያው ግፊት፤ ልዩነቱ 40 ዲግሪ!

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ያን የጋለ አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር (ራዲያተር የሚመስለው፣ ውሃ ሳይሆን አየር የሚያልፍበት) ለደገኛ መኪና ትልቅ ነገር ነው። ደካማ ከሆነ በተሻለ መቀየር የሚለካ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ፊልትሮው ለምን ምንም እንዳልፈየደ ይገባችኋል። ንጹሕ የሆነ የፋብሪካ ፊልትሮ የሚያግደው ግፊት አንድ ሁለት ኪሎፓስካል ቢሆን ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ያቺ ኪሳራ በቀጥታ ጉልበት ትቀንሳለች። ቱርቦ ባለው ግን ኮምፒውተሩ የሚያየው የመጨረሻውን 150 ነው፤ ፊልትሮው ትንሽ ቢያግድ ቱርቦው ትንሽ ፈጥኖ ይሽከረከርና ያካክሰዋል። በነገራችን ላይ በእኛ አቧራ ላይ በደንብ የማያጣራ ፊልትሮ መግጠም የቱርቦውን ስስ ቅጠሎች በአሸዋ እንደመሞረድ ነው።

በእርግጥ ጉልበት የሚጨምረው የኮምፒውተሩን ፕሮግራም መቀየር ነው፤ በቱርቦ መኪና ላይ ልዩነቱ ያለ ሰዓትም ይታወቃል። የሚሠራውም ያችን 150 ወደ 180 በማድረግ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። 180 ማለት ባሕር ዳርቻ ላይ 1.8 እጥፍ ያህል መጨመቅ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 2.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፋብሪካው ቱርቦው ላይ የተወው ትርፍ አቅም ለእኛ ዓይነት ከፍታ ጭምር የታሰበ ነበር፤ ፕሮግራሙ እሱን ጠርጎ ይወስደዋል። ቆላ ላይ የተዘጋጀ ፕሮግራም ደጋ ላይ ሲጫን ቱርቦው ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የሚገባው አየርም ይበልጥ ይግላል፤ ቤንዚኑ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በራሱ ጊዜ መቀጣጠል ይጀምርና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል። መካኒኮች «ሞተሩ አንኳኳ» የሚሉት አንዱ ይህ ነው። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ የባከነው ገንዘብ አይደለም፤ በሐሰተኛ ልኬት ተማምኖ እውነተኛ ሞተር ማቃጠል ነው።

«መንገድ ላይ ከመለካት ዳይናሞሜትር ያለው ጋራዥ አይሻልም?» ትሉኝ ይሆናል። (ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ ጋር አታምታቱት፤ ይሄ መኪናው ሮለር ላይ ወጥቶ ጎማው እየተሽከረከረ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን ነው።) ይሻላል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ማሽኑ የለካውን ቁጥር ብዙውን ጊዜ እንዳለ አያትምም፤ «ይህ ሞተር በመደበኛ አየር ቢሆን ስንት ይሰጥ ነበር?» ብሎ ያባዘዋል። በሰፊው የሚሠራበት ኤስኤኢ ጄ1349 የተባለው ደንብ መነሻው 99 ኪሎፓስካልና 25 ዲግሪ ነው። ቀመሩን በአዲስ አበባ አየር ስታሰሉት ቁጥሩን ከ35 በመቶ በላይ ያሳድገዋል! ቱርቦ ለሌለው ሞተር፣ ያውም ለትንሽ እርማት ነበር የታሰበው። ቱርቦው የከፍታውን ጉድለት አስቀድሞ ላካካሰ ሞተር ግን ያልጠፋ ጉልበት መመለስ ይሆናል። ሮለሩ ላይ 100 የሰጠች መኪና ወረቀቱ ላይ ከ135 በላይ ይዛ ትወጣለች፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። በዚያ ላይ የማሽኑ የሙቀት መለኪያ በስህተት ከጋለ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ 40 ዲግሪ ቢያነብ፣ ቀመሩ ሌላ 3 በመቶ ገደማ ይጨምርላችኋል። ስለዚህ ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ያልታረመውን ቁጥር ጠይቁ፤ የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ልኬት በአንድ ቀን መወሰዱንም አረጋግጡ።

እኛ ከዚያ እሑድ በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። አሮጌ፣ አዲስ፣ አዲስ፣ አሮጌ በሚል ቅደም ተከተል፣ ሁሉንም በአንድ ጠዋት። እንዲህ ሲሆን ፀሐዩ እየሞቀ ቢሄድ እንኳ ጉዳቱ ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። በእያንዳንዱ ዙር አምስት ጊዜ፣ ደርሶ መልስ፣ ያው ሰው፣ ያው የነዳጅ መጠን። በሁለት ልኬት መካከል እኩል እረፍት፤ ኢንተርኩለሩ ከግሎ ወዲያው ከተደገመ ሰዓቱ ይረዝማላ። የሰዓት መያዣ አፕ አልተጠቀምንም። የብዙ ስልኮች ጂፒኤስ ቦታውን የሚያድሰው በሰከንድ አንዴ ገደማ ነው፤ በእሱ 0.1 ሰከንድ መፈለግ በሜትር ወረቀት ላይ የጸጉር ውፍረት እንደመለካት ነው። ከዚያ ይልቅ ከጎን የተቀመጠው ሰው የፍጥነት መቁጠሪያውን በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጸው። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ካሜራ እስከ 0.03 ሰከንድ ያሳያችኋል። መቁጠሪያው ራሱ ትንሽ ቢዋሽ ግድ የለም፤ በፊትም በኋላም እኩል ይዋሻል።

አምስቱን ቁጥሮች ስታስቀምጧቸው አይመሳሰሉም። የእኛ በአሮጌው ፊልትሮ ከ6.0 እስከ 6.3 ይዋዥቁ ነበር። ይህ መዋዠቅ የልኬታችሁ አቅም ነው። አዲሱ ዕቃ ያመጣው ለውጥ ከዚህ ካልበለጠ፣ ለውጡን አላያችሁትም። ምናልባት ይኖራል፤ እናንተ ግን አላያችሁትም። የእኛ ሁለት አማካዮች የተለያዩት በ0.02 ሰከንድ ነበር፤ ያውም አሮጌው በልጦ።

ጓደኛዬ ግን አላመነም። «ቁጥሩን ተወው፣ ወንበሩ ላይ ሆኜ ይሰማኛል» አለ። ይሄም ሊፈተን የሚችል አባባል ነው። በሚቀጥለው እሑድ እኔ ነዳሁ፤ እሱ ከጎኔ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሙ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት እኛ ዞር ስንልለት ሳንቲም እየወረወረ አንዴ አሮጌውን አንዴ አዲሱን ይገጥማል፤ ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ መንገድ ዳር ይጠብቀናል። ስድስት ጉዞ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ጓደኛዬ በየጉዞው መጨረሻ «አዲሱ ነው» ወይም «አሮጌው ነው» ይላል፣ ወንድሙ ደብተር ላይ ይጽፋል።

ከስድስቱ ሦስቱን አገኘ። ፊልትሮውን ግን እስከ ዛሬ አላወለቀውም፤ ድምፁን ወዶታል።