ያውቁ ኖሯል? ከመነጽር ቤቱ ወንበር እስከ ሪፈር ወረቀቱ

መነጽር ነው የሚያስፈልግዎ ወይስ ሕመም ነው ያለብዎ የሚለውን ለመለየት የዓይን መርማሪው ኦፕቶሜትሪስት ከሚያነሳቸው መሣሪያዎች ርካሹ ቀዳዳ ያለው ካርድ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ቀዳዳው ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይሰፋም። አንዱን ዓይን ሸፍነው በሌላው በቀዳዳዋ ሲያጮልቁ ደብዝዞ የነበረው ፊደል ከጠራልዎ ነገሩ በአብዛኛው የመነጽር ነው። ካልጠራ ጥርጣሬው ወደ ሞራ፣ ወደ ሬቲና ወይም ወደ ዓይን ነርቭ ይዞራል፤ እስክሪብቶውም ከመነጽር ማዘዣው ወደ ሪፈር ወረቀቱ ይሻገራል።

የዚህ ሳምንት ዓምዳችን ስለዚያች ወረቀት ነው።

በዚያች ወረቀት ላይ የሚጻፈው፣ ከዓይን መመርመሪያው የፊደል ሰሌዳ የሚነበበው «6/60» ማለት ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር የሚያየውን እርስዎ በ6 ሜትር ነው የሚያዩት ማለት ነው። ሰሌዳውን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው ኸርማን ስኔለን የኔዘርላንድስ ሰው ነበር። ከአዳማ አፍንጫ ሥር ያለውን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያቆሙትም ደች ናቸው፤ ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያ ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነና በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ከፈተ። ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚሠሩት ቅርብ ከሆኑት ማሠልጠኛዎች አንዱ ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቀው ሐዋሳ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ውስጥ የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማደስ በዓመት ቢያንስ 30 የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ማሟላት ይጠበቅበታል። ኦፕቶሜትሪስቱም ከዚሁ አያመልጥም። አዳማ ደግሞ የሥልጠና ከተማ መሆኗን ለማንም መንገር አያሻም፦ «የት ነህ?» ሲባል «አዳማ፣ ሥልጠና ላይ» ማለት የመንግሥት ሠራተኛው የተለመደ መልስ ነው። በበኩሌ መጋረጃ በተጋረደ የሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ስላይድ አይቶ ሰርተፍኬት ይዞ ከመመለስ፣ ግማሽ ቀን የዓይን ውስጥ መመልከቻውን ኦፍታልሞስኮፕ ጨብጦ እርስ በርስ ዓይን መተያየት ይበልጣል ባይ ነኝ። አበሉ ግን ከስላይዱ ጋር ነው።

ለመሆኑ ሥልጠናው ስለ ምን ይሁን? እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን፣ 49.9 በመቶውን፣ ያመጣው የዓይን ሞራ ነው። ትራኮማ ያደበዘዘው ብሌን 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። በመነጽር የሚቃና የነበረው 7.8 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ከመነጽር ሌላ የማያውቅ ባለሙያ አብዛኛውን ነገር እያየ አያየውም ማለት ነው።

አያቴ ወረንጦዋን ከጆሮ ኩክ ማውጫዋ ጋር በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥል ነበር። ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ትልና የልጅ ልጆቿን «ና፣ የወጋኝን ንቀልልኝ» ትለናለች። ትራኮማ የዐይን ሽፋኗን ወደ ውስጥ ቀልብሶት ሽፋሽፍቷ ብሌኗን እየጠረገ መሆኑን ያኔ ማን ያውቃል? የተነቀለው ፀጉር ደግሞ በሳምንታት ውስጥ አጥሮና ጠንክሮ ይመለሳል። ያውቁ ኖሯል? ይህን የሚያቃናው ቀዶ ጥገና በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ለዚሁ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ ይሠራል። ሪፈር ሁልጊዜ ሽቅብ፣ ሁልጊዜ አዲስ አበባ አይደለም፤ አንዳንዴ ቁልቁል፣ ለሰውየው ቀበሌ ወደቀረበው ጤና ጣቢያ ነው። አንገት ላይ ወረንጦ ያየ ባለሙያ ጠብታ ከማዘዙ በፊት ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ ይመልከት።

አዳማ ነፋሻ ናት፤ ኮረብታዎቿ ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋሱ ከአቧራና ከጠራራ ፀሐይ ጋር ሲገናኝ ከአፍንጫ በኩል ወደ ብሌን የሚሳብ ቀይ ሥጋ ያበቅላል። ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ዕድሜው ገና በሆነ ሰው ላይ በወራት ውስጥ ካበጠና ነጭ ቅርፊት ካወጣ ግን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ካንሰር ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ በዝቷል። ሪፈሩ ላይ «ሥጋ» ብሎ መጻፍና «በፍጥነት ያደገ ሥጋ፣ ካንሰር ይጠርጠር» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም።

ጆን ሊንድበርግ የተባለ የፊንላንድ ሐኪም በ1917 እ.ኤ.አ. በሽማግሌዎች ዓይን ሌንስ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ነገር አስተዋለ። ሱዶኤክስፎሊየሽን ይባላል። ከሰሜን አውሮፓ በረዶ ይህን ያህል በራቀው በእኛም አገር አዘውትሮ ይታያል! የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ የሌንሱን ማሰሪያ ክሮችም ያላላል። የሞራ ቀዶ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ከሪፈሩ ካወቀ ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ካላወቀ ሌንሱ በእጁ ላይ ሊወድቅበት ይችላል።

ባቱ የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ፣ ጎረቤቷ አዳሚ ቱሉ የፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካ አላቸው። ኮስቲክ ሶዳ፣ ኖራም ቢሆን፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ከአሲድ ይብሳል፤ ሥጋውን እያቀለጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚህ ጋ ወረቀቱ ይቆይ። መጀመሪያ ውሃ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ሽፋኑን ገልብጦ፤ ከዚያ ወረቀት፤ ከዚያ መኪና። ሌላም አለ፦ ፀረ ተባይ ሲረጭ የዋለ ገበሬ «ዓይኔ ጨለመብኝ» ብሎ ቢመጣና የዓይኑ ብርሃን ማስገቢያ የመርፌ ጫፍ አክሎ ቢገኝ፣ ያ የዓይን ሕመም ሳይሆን የመርዝ ምልክት ሊሆን ይችላል። መላክ ያለበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የአርሲ ነገሌ አረቄ ዝናው አዲስ አበባ ድረስ ነው። በየትኛውም አገር በአረቄ መልክ የሚሸጥ መጠጥ ሜታኖል ከተቀላቀለበት የዓይን ነርቭን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ከሚሰጡት ማርከሻዎች አንዱ ራሱ ተራው አልኮል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? (ይህ በሐኪም እጅ ነው፤ ቤት የሚሞከር አይደለም!)

በጥድፊያ ጥቂት ደግሞ፦ የቲቢ መድኃኒት ከሆኑት አንዱ ኢታምቡቶል ቀይና አረንጓዴን ሊያዘባርቅ ስለሚችል «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» የዓይን ምርመራ ጥያቄ ነው። ዓይኑን ሲያክ ለሚውል ልጅ ከመድኃኒት ቤት በዘፈቀደ የሚገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ማሳከኩን ያስታግስና ግላኮማ ሊያስከትል ይችላል። በፎቶግራፍ ላይ የሕፃኑ አንድ ዓይን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ከወጣ በዚያው ሳምንት ሪፈር፤ የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። የግላኮማ ታማሚ ሲገኝ ደግሞ ወንድምና እህቱም ይጠሩ፤ ግላኮማ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ግፊቱም ተለክቶ ደህና ሊመስል ይችላል።

ያየኋቸው አብዛኞቹ ወረቀቶች የሚሉት «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ነው። እስቲ ይህን ይመልከቱ፦ «ቀኝ ዓይን 6/60፣ በቀዳዳ አልተሻሻለም። ግራ 6/9። ከሦስት ቀን ወዲህ ብልጭታ፣ ከትናንት ወዲህ ከታች እንደ መጋረጃ ጥላ።» አራት መስመር አይሞላም። ያነበበው ሐኪም ግን ሬቲና እየተላቀቀ መሆኑን ጠርጥሮ ሰውየውን ከወረፋው ያወጣዋል።

አንድ የማውቀው ኦፕቶሜትሪስት ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ቁጥርም ይቀበላል። ባለፈው ማክሰኞ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ለአንድ የመቂ ገበሬ ደወለ።

«አባባ፣ ሄዱ?»

«በሬው አልተሸጠም፤ ገበያው ሐሙስ ነው።»

ፎቶውን አልሰረዘውም። ለዓርብ ማንቂያ ሞላ።