ያልተለጠፉት ስቲከሮች

ባለፈው ክረምት ከእናቴ ጋር የአሮጌ ሻንጣ ዕቃ ስናራግፍ፣ ከሥር በላስቲክ የተሸፈነ ባለ 50 ሉክ ደብተር አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ በልጅ እጅ ጽሑፍ «የግል ነው፤ አይነካም» ይላል። ሳልገልጠው አወቅሁት። የስቲከር ደብተሬ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ደብተርና እሱ ካስተማረኝ ነገር ተነሥቼ በትርፍ ሰዓቴ ስለምሠራቸው የአማርኛ ስቲከሮች ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ የምለምናችሁ ነገር አለኝ።

ደብተሩ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ከረሜላና እርሳስ የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ነበረች። ስቲከሮቹ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ገመድ ላይ ይሰቀሉ ነበር። ተራዎቹ ልብ፣ አበባና መኪና ናቸው። ከነሱ ከፍ የሚሉት ሲያዘነብሏቸው የሚያብረቀርቁት ናቸው፤ ቀጥሎ ስፖንጅ ያለባቸው እብጥ እብጥ ያሉት ይመጣሉ። የሁሉም ቁንጮ በጨለማ አረንጓዴ የሚያበሩት ኮከቦች ነበሩ። ማታ መብራት ሲሄድ ሌላው ሰው ሻማ ሲፈልግ እኔ ደብተሬን ገልጬ ኮከቦቼን እቆጥር ነበር።

በእረፍት ሰዓት እንቀያየራለን። አንድ የሚያብረቀርቅ በሦስት ተራ ይለወጣል፤ በጨለማ የሚያበራ ኮከብ ግን ለማንም አይሰጥም። ሕጉን ያወጣ አለቃ አልነበረም፤ ሁላችንም ግን አከበርነው። ካደግሁ በኋላ ስለ ፓኒኒ ሳነብ ያ የእረፍት ሰዓት ገበያ ትዝ አለኝ። ጣሊያን፣ ሞዴና ከተማ ውስጥ ጋዜጣ ይሸጡ የነበሩት የፓኒኒ ወንድማማቾች በ1961 እ.ኤ.አ. የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ምስል በትንንሽ እሽግ መሸጥ ጀመሩ። በ1970 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አልበማቸው ከጣሊያን ወጥቶ ዓለም አቀፍ ሆነ። እሽጉ ውስጥ የማን ምስል እንዳለ ሳይታወቅ ስለሚገዛ፣ ልጆቹ የተደረበባቸውን ይዘው የጎደላቸውን ፍለጋ ጓደኛ ጋ መሄድ ነበረባቸው። አልበም ለመሙላት ገንዘብ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ያስፈልጋል። እኛም ሳናውቀው ያንኑ ነበር የምናደርገው።

እኔ ግን አንድ ነገር አላደርግም ነበር፤ አልለጥፍም። ስቲከሩን ከነጀርባ ወረቀቱ ቆርጬ ደብተሩ ውስጥ በእስኮች አያይዘዋለሁ። አንዴ ከተለጠፈ አይቀየርም፤ የተለጠፈበት ቦታም ካላማረ መመለሻ የለውም። ስለዚህ «ለጥሩ ቦታ» እያልኩ አስቀመጥኩት። ጥሩው ቦታ የት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልወሰንኩም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ

እንቁጣጣሽ ሲደርስ እኛ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያልን በየቤቱ እንዞራለን፤ ወንዶቹ ደግሞ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርተው ለጎረቤት ይሰጣሉ። ታላቅ ወንድሜ ጳጉሜን ሙሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ፣ መልአክ፣ አበባ ሲስል ይከርማል። ከሥዕሉ በላይ የመልካም ምኞቱን ይጽፋል። እናታችን እያንዳንዱን ታነባለች። «ይኼ ለማን ነው? ለእማማ ከሆነ ‘አደረሰሽ’ አይባልም፤ ‘አደረሰዎ’ በልና አስተካክል» ትለዋለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንድ ዓመት በዋዜማው ቀዩ ማርከር ደረቀ። ሱቆች ተዘግተዋል። ስምንት ሥዕል ላይ አበቦቹ በእርሳስ ተነድፈው፣ ባዶ ሆነው ቀሩ። ወንድሜ ሊያለቅስ ደረሰ። ደብተሬን አመጣሁና የአበባ ስቲከሮቼን አንድ በአንድ ላጥሁ። አበባ በተነደፈበት ሁሉ ለጠፍን። መጀመሪያ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ግን ስለ ቦታው ማሰብ ጀመርኩ። ሁሉንም በአንድ መስመር ከደረደርኳቸው ሱቅ ይመስላሉ፤ ትልቁን ዝቅ፣ ትንንሾቹን ከፍ ካደረግሁ ደግሞ እውነት ከመሬት የበቀሉ ይመስላሉ። ዛሬ መተዳደሪያዬ የሆነው የዲዛይን ሥራ የተጀመረው እዚያ ወለል ላይ ነው እላለሁ።

ከስምንቱ አንዱ ለጎረቤታችን ለእማማ ደረሰ። እሳቸውም ቡፌያቸው መስታወት ላይ አደረጉት። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ቤታቸው ስሄድ እዚያው ነበር። የእርሳሱ መስመር ጠፍቶ፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ፣ አበቦቹ ግን እንደተጣበቁ።

ሙጫው ለምን ይደርቃል?

ባለፈው ክረምት ደብተሩን ስገልጥ የመጀመሪያ ሥራዬ አንዱን ኮከብ መላጥ ነበር። ኮከቡ ተነሣ፤ ሙጫው ግን ቢጫና ሻካራ ሆኖ ጀርባ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

ስቲከር ሦስት ንብርብር አለው። ላይኛው ምስሉ የታተመበት ነው፤ መካከለኛው ሙጫው ነው፤ ታችኛው ሙጫ እንዳይዘው ሲሊኮን የተቀባ ወረቀት ነው። ሙጫው ውሃም ሙቀትም አይፈልግም፤ የጣት ግፊት ይበቃዋል። ሲጫኑት በዝግታ ፈስሶ ዓይን የማያያቸውን የወረቀቱን ጎድጓዳዎች ይሞላል፤ መያዣው ይኸው ነው። አሜሪካዊው ስታንተን ኤቨሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ በራሱ የሚጣበቅ ምልክት ሠርቶ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ምልክት ለመለጠፍ ወይ ሙጫ መቀባት ወይ መላስ ያስፈልግ ነበር። የፖስታ ቴምብር ጀርባ የሚቀባውም ለረጅም ዘመን የግራር ሙጫ ነበር፤ በአገራችን ቆላማ ቦታዎች ከሚለቀመው ጋር አንድ ዘር ነው።

የስቲከር ሙጫ ዕድሜ አለው። አየርና ሙቀት ቀስ በቀስ ያጠነክሩታል፤ ሲጠነክር መፍሰስ ያቅተዋል፤ ካልፈሰሰ ደግሞ አይዝም። ለእማማ የሄደው አበባ ገና ትኩስ ሳለ ወረቀቱን ያዘ። «ለጥሩ ቦታ» የተቀመጠው ኮከብ ግን ጥሩውን ቦታ ሲጠብቅ መያዣውን አጣ።

ከወረቀት ወደ ስልክ

ቴሌግራም በ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ስቲከር ሲያስገባ የድሮ ደስታዬ ተመለሰ። ግን ሁሉም በሌላ ቋንቋ የሚያወሩ ነበሩ። የምሠራበት ቦታ ደንበኛ ያዘዘኝን እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን አንድ የአማርኛ ቃል ስቲከር ማድረግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው «ኧረ!» ነበር።

ስቲከር ለጀማሪ እጅግ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው የምለው ትንሽ ስለሆነ ነው። ትንሽ ሥራ ይጠናቀቃል። ጃፓናዊው ሺጌታካ ኩሪታ በ1999 እ.ኤ.አ. ለአንድ የስልክ ድርጅት የሠራቸው 176 ኢሞጂዎች እያንዳንዳቸው በ12 በ12 ነጥብ ብቻ የተሠሩ ነበሩ። በዚያች ጠባብ ቦታ ዝናብም፣ ልብም፣ ጨረቃም ገባ። እኛ ከሱ እጅግ የሰፋ ቦታ አለን።

የፊደላችን ነገር ግን ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ የለውም። ድምፅን ከፍ ለማድረግ የምንችለው በውፍረት፣ በመጠንና በቀለም ነው። ሁለተኛ፣ «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለያት አንዲት ቅጥያ ናት፤ ለአንዷ መሐል ላይ፣ ለሌላዋ እግር ላይ። የ«ጠ» እና የ«ጨ» ሦስት እግሮችም ቃሉ ሲያንስ ይጣበቃሉ። ስለዚህ በጣም ቀጭንም በጣም ወፍራምም ፎንት አይሆንም፤ በእግሮቹ መካከል አየር ይኑር።

ሦስተኛ፣ አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም። «ገና» ብላችሁ ብትጽፉ በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነኝ፤ አልደረስኩም»? ዐረፍተ ነገር ውስጥ አገባቡ ይለየዋል፤ ስቲከር ግን ብቻውን ነው የሚቆመው። እዚህ ላይ ሥዕሉ ቃሉን ያነብለታል። የገና ዱላና ሩር ካደረጋችሁበት በዓል ነው፤ ሰዓት ካደረጋችሁበት መዘግየት ነው። ይህን ሳገኝ አንድ ሌሊት በደስታ አልተኛሁም።

የእናቴ ጥያቄ

አራተኛውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። በስልክ አማርኛ መጻፍ ይከብዳታል፤ ፊደሉን እየፈለገች ጣቷ ይደክማል። ስቲከሮቼን ስልኳ ላይ ከጫንኩላት ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት «ተመስገን» የሚለው ይመጣልኛል። ያ ከመጣ ቤቱ ደኅና ነው።

አንድ ቀን ደወለችልኝ። «ልጄ፣ እትዬ ታመው ተኝተዋል። ‘አይዞሽ’ የሚለውን ልልክላቸው ነበር፤ ለሳቸው እንዴት ብዬ? ነውር አይደለም? ‘አይዞዎት’ የሚል የለሽም?»

አልነበረኝም። ያኔ የእንቁጣጣሽ ሥዕሎቹ፣ «አደረሰዎ በልና አስተካክል» ያለችበት ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ከአሥርም ከሃያም ቃል በላይ ሠርቼ ሁሉንም ለእኩያ ብቻ ነበር የሠራሁት። በዚያው ማታ አራት ሆነው ተሠሩ፦ አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዞዎት፣ አይዟችሁ። የ«አይዞዎት»ን ሥዕል ቀየርኩት። ለጓደኛ የሚሄደው ትከሻ ላይ ቸብ የሚያደርግ እጅ ነው፤ ለታላቅ የሚሄደው በሁለት እጅ የተያዘ የአጥሚት ኩባያ ነው። እትዬ ሲደርሳቸው አስደውለው መረቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃል ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለማን ነው የሚላከው?» ብዬ ነው። «ተመስገን»፣ «አቤት»፣ «እሺ» ለሁሉም ይሆናሉ። «ጠብቀኝ» እና «እንኳን አደረሰህ» ግን ቤተሰብ አላቸው፤ አንዱን ሠርታችሁ ሌሎቹን አትተዉ።

እንዴት ይሠራል?

1. አንድ ቃል ምረጡ፤ በቀን ውስጥ ደጋግማችሁ የምትሉትን። ለማን እንደሚሄድም አስቡ።

2. በእርሳስ ጀምሩ። የሒሳብ ደብተር ካሬዎች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። አንድ ቃል፣ አንድ ሥዕል፤ ከዚያ በላይ አትጨምሩ።

3. ኮምፒውተር ላይ ኢንክስኬፕ በነፃ ይገኛል፤ በስልክ ፒክሰልላብ ይበቃል። ፎንት ካስፈለጋችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው። በእጃችሁ የጻፋችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ብትቆርጡት ግን የበለጠ ያምራል።

4. የምስሉ አንዱ ጎን ልክ 512 ፒክሰል ይሁን፤ ሌላው ከዚያ አይብለጥ። ዳራው ባዶ ሆኖ በፒኤንጂ ወይም በዌብፒ ይቀመጥ። ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ስጡት፤ ስልኩን ጥቁር ገጽታ ላይ ያደረገ ሰው ጋ ጥቁር ፊደል ይጠፋል።

5. ምስሉን የአውራ ጣት ጥፍር ያህል አሳንሳችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ካልተነበበ ዝርዝሩን ቀንሱለት።

6. ቴሌግራም ላይ ስቲከርስ የተባለውን ይፋዊ ቦት ፈልጉና አዲስ ጥቅል ክፈቱ። ምስሉን በፋይል መልክ ትልካላችሁ፤ የሚስማማውን ኢሞጂ ትሰጡታላችሁ፤ ለጥቅሉ ስም ታወጣላችሁ። በመጨረሻ ሊንክ ይሰጣችኋል። አንድ ጥቅል እስከ 120 የማይንቀሳቀሱ ስቲከሮች ይይዛል፤ በአንድ መጀመር ግን ይቻላል።

የምለምናችሁ

ብዙ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ስልካቸው ውስጥ፣ የደብተራቸው ጀርባ ላይ የሚያምር ነገር አለ። «ሲያልቅ አወጣዋለሁ»፣ «ጥሩ ኮምፒውተር ስገዛ» ይላሉ። ሁሉም «ለጥሩ ቦታ» እየተቀመጠ ነው። እኔ ደግሞ ለጥሩ ቦታ የተቀመጠው ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ ሳምንት አንድ ቃል ሥሩ። ሺህ ሰው እንዲያየው አትጠብቁ፤ ለአንድ ሰው ላኩት። ለእናታችሁ፣ ለአጎታችሁ፣ ፊደል መፈለግ ለሚያደክማቸው ለአንድ ታላቅ ሰው። ለታላቅ ከሆነ ደግሞ «ዎት» ማለትን አትርሱ።