ዳይሬክተሪዎችን ብቻ መዘርዘር፦ አንድ ጥያቄ፣ የተለያዩ መልሶች



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ትንሽ ነው፦ በሊኑክስ የትዕዛዝ መስመር ላይ ፋይሎችን ትተን ዳይሬክተሪዎችን ብቻ እንዴት እንዘረዝራለን? መልሱ ግን ዳይሬክተሪ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አስቀድመን እንድንወስን ያስገድደናል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ የምርምር ዳይሬክተሪ አለን እንበል። በውስጡ ሁለት ተራ ፋይሎች፣ ሦስት ተራ ዳይሬክተሪዎች፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር አንድ ስውር ዳይሬክተሪ፣ እንዲሁም ሌላ ቦታ ወዳለ ዳይሬክተሪ የሚያመለክት አንድ ሲምቦሊክ ሊንክ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው መንገድ «ኤልኤስ» የተባለውን ትዕዛዝ «ሰረዝ ዲ» ከሚለው አማራጭና ከ«*/» ጋር መጻፍ ነው። ኮከቡንና እዝባሩን የሚተረጉመው ኤልኤስ አይደለም፤ ሼሉ ነው። ሼሉ ትዕዛዙን ከማስነሣቱ በፊት ምልክቱን በዳይሬክተሪዎቹ ስም ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ እትም ይህን ተግባር የሚያከናውነው «ግሎብ» የተባለ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር። «ሰረዝ ዲ» ደግሞ ኤልኤስ ወደየዳይሬክተሪው ገብቶ ይዘቱን እንዳይዘረዝር ያግደዋል። ሼሉ በተለመደው አሠራሩ ስውሩን ያልፈዋል፤ ሊንኩን ግን ያካትታል። መልሱ አራት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኤልኤስን ረጅም ዝርዝር ወደ «ግሬፕ» አስተላልፎ በ«ዲ» ፊደል የሚጀምሩትን መስመሮች ብቻ ማስቀረት ነው። ሊንክ በ«ኤል» ፊደል ስለሚጀምር ይወድቃል፤ ስውሩም አይታይም። መልሱ ሦስት ይሆናል።

ሦስተኛው «ፋይንድ» ነው። ጥልቀቱን በ1 ገድበን ዓይነቱ ዳይሬክተሪ የሆነውን ብቻ ብንጠይቀው፣ ስውሩን ጨምሮ፣ ሊንኩን ትቶ፣ ፍለጋው የተጀመረበትን ዳይሬክተሪም ቆጥሮ አምስት ይለናል። ዝቅተኛውን ጥልቀት 1 ስናደርገው መነሻው ይወጣና አራት ይቀራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው መንገድ ሁለቱም አራት ብለዋል፤ አራቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሊንኩን ይዞ ስውሩን ጥሏል፤ ሌላው ስውሩን ይዞ ሊንኩን ጥሏል። ቁጥሩን ብቻ ያነጻጸረ ተመራማሪ ውጤቱ ተረጋገጠ ብሎ ያልፋል።

ልዩነቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ጊት የአንድን ሥራ የለውጥ ታሪክ የሚያኖረው በነጥብ በሚጀምር ስውር ዳይሬክተሪ ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያው መንገድ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ያንን ታሪክ ያስቀረዋል። በአንጻሩ በ«*/» ያገኘውን ዳይሬክተሪ ሁሉ እየገባ ይዘቱን የሚሰርዝ ስክሪፕት በሊንኩ በኩል አልፎ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ መረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምመክረው ይህን ነው። በዓይን ለማየት ብቻ ሲሆን የመጀመሪያው አጭር መንገድ ይበቃል። ስክሪፕት ስትጽፉ ግን ፋይንድን ምረጡ፤ የፋይል ስም ክፍት ቦታና አዲስ መስመር ሊይዝ ስለሚችልም ስሞቹን በባዶ ባይት እንዲለያይ እዘዙት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ስውሩ ይቆጠር እንደሆነ፣ ሊንኩም ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ ወስኑ፤ ትዕዛዙን የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።