አገልግሎት ሳይቋረጥ የኔትወርክ መስመር ማስፋት

ከናይሮቢ መሃል ወደ ኤምባካሲው የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው የሞምባሳ መንገድ በኩል የምሥራቅ አፍሪካ ዳታ ሴንተር ይገኛል። የኬንያ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ትራፊክ የሚቀባበሉበት ኬአይኤክስፒም መሣሪያዎቹን እዚህ አኑሯል። ኬአይኤክስፒ በኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. እንደተከፈተ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በቴልኮም ኬንያ አቤቱታ ተዘግቶ፣ ዳግም ሥራ የጀመረው በየካቲት 2002 ነው። ያኔ ከአንድ ዓመት በላይ መቆም ተቻለ። ዛሬ የባንክና የሞባይል ገንዘብ ሥራ በክላውድ ላይ ስላለ የደቂቃ መቋረጥም ይጎዳል። ስለዚህ መስመር የሚሰፋው ሥራው ሳይቆም ነው።

ዋናው ደንብ አዲሱ መስመር ሸክሙን ሳይረከብ አሮጌውን አለመንካት ነው። መስመሩ ከ10 ወደ 100 ጊጋ ቢት በሰከንድ ሲያድግ አዲሱ ፋይበር በራሱ ፖርት ይገባል። ቴክኒሻኑ ከመሰካቱ በፊት ጫፉን በማጉያ መነጽር አይቶ ይጠርጋል፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት የመስታወት እምብርት 9 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለሆነ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትጋርደዋለች። ቀጥሎ የብርሃኑ ኃይል ይለካል፤ መስመሩም የደንበኛ ትራፊክ ሳይጫንበት ይፈተሻል። ከዚያ አሮጌው መንገድ ተመራጭነቱ እንዲቀንስ ራውተሮቹ ይስተካከላሉ፤ ትራፊኩም ወደ አዲሱ ይዞራል። የአሮጌው ፖርት ትራፊክ ወደ ዜሮ ሳይወርድ ማንም ገመድ አይነቅልም። ከወረደም በኋላ አዲሱ እስኪታመን ድረስ አሮጌው ለመመለሻ ይቆያል።

ድርጅትን ከክላውድ ጋር በቀጥታ የሚያገናኙ መስመሮችን በማስፋት ረገድ የክላውድ ኩባንያዎች ደንብ ይለያያል። አማዞን ለአንድ ደንበኛ ብቻ የተመደበ የዳይሬክት ኮኔክት መስመር ፍጥነት ባለበት እንዲቀየር አይፈቅድም፤ አዲስ አዝዞ መዛወር ግድ ነው። የማይክሮሶፍት ኤክስፕረስ ራውት ግን ፖርቱ ቦታ ካለው ሳይቋረጥ ያድጋል፤ መልሶ ዝቅ ማድረግ ግን አይቻልም። ስለዚህ ፍጥነት ከመጨመር በፊት ፍላጎትን በደንብ መለካት ይገባል።

በእኔ እምነት የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ትርፍ አቅም ነው። ሁለት እኩል መስመሮች ያሉት ድርጅት እያንዳንዳቸውን ከግማሽ በላይ ከጫነ፣ አንዱ ለእድሳት ሲራገፍ ሌላው ይታፈናል። ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ ከተቀበሩ ደግሞ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። የመሥሪያ ቤታችሁን የኢንተርኔት ውል የምትፈርሙ ሁሉ፣ ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለተኛው መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቁ።