ጥርስ መስሎን የነበረው ዕጢ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቴፒ የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ጉንጩ አብጦ ጥርሱ ሲነቃነቅ፥ የጥርስ ሕመም መስሎን አስነቀልነው። እብጠቱ ግን በሳምንት ውስጥ ወደ ዓይኑ ወጣ። ጅማ ሲደርስ ሐኪሞቹ ከእብጠቱ በመርፌ ቀድተው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱና ስሙን ነገሩን፤ የበርኪት ዕጢ ይባላል።

ዴኒስ በርኪት በካምፓላ ይሠራ የነበረ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እንደዚህ ያሉ ሕፃናትን አይቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ጻፈ። በ1961 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፥ በየሆስፒታሉ እየጠየቀ ያገኘውን በካርታ ላይ አኖረ። ዕጢው የሚበዛው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፥ ወባም በማይጠፋበት አገር ሆኖ ተገኘ። (ቴፒን አይቶ የተናገረ ይመስላል!) በ1964 ኤፕስታይን፥ አቾንግና ባር ከዚሁ ዕጢ ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ በአብዛኛው ሰው አካል ውስጥ ያለና ብዙውን ጊዜ የማይጎዳ ነው፤ ወባ የሚመላለስበት የሕፃን ሰውነት ግን እርሱን መቆጣጠር ይሳነዋል።

ይህ ዕጢ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ የሚመታው በመከፋፈል ላይ ያለውን ሴል ስለሆነ፥ ይኸው ፍጥነቱ ለሕክምና ያመቻል። ስለዚህ ዋናው ሕክምና ቢላዋ ሳይሆን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ መድኃኒቱን ሊወስድ ትናንት ከእናቱ ጋር ወደ ጅማ ተሳፈረ። ጉንጩ ጎድሏል።